የቆዳ ስቴሮይድ ቅባቶች፡ ለምን? የት? ምን ያህል? እስከ መቼ?



ዛሬ የምንነጋገረው ከብዙዎቻችን ቤት ስለማይጠፋ አንድ ትንሽ ቱቦ ነው። ልጅ ሲያሳክከው፣ እጅ ሲሰነጠቅ፣ ፊት ላይ ሽፍታ ሲወጣ መሳቢያ ከፍተን የምናወጣት ቱቦ። ጎረቤት ሲቸግረውም «ሞክሪያት፣ እኔን አድናኛለች» ብለን የምናውሳት እሷኑ ነው። በአብዛኛው በዚህች ቱቦ ውስጥ ያለው መድኃኒት ስቴሮይድ ይባላል። በትክክል ለተጠቀመበት ሰው ትልቅ እፎይታ የሚሰጥ፣ በዘፈቀደ ለተቀባው ደግሞ ከመጀመሪያው ሕመም የከፋ ጣጣ የሚያመጣ መድኃኒት ነው።

ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት ከራሴ ልጀምር። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት መርካቶ ውስጥ፣ ከበርበሬ በረንዳ ብዙም በማይርቅ አንድ መድኃኒት ቤት እሠራ ነበር። ዛላ በርበሬ በመቀንጠስ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ያለቀ ቱቦ ይዘው መጡና «ልጄ፣ ይቺኑ ስጪኝ። እጄን የምታስታግስልኝ እሷ ብቻ ናት» አሉኝ። ቱቦዋን አየኋት፤ ክሎቤታዞል የሚባለው ነው። ሰው ተሰልፎ ይጠብቅ ነበርና ምንም ሳልጠይቅ ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ መጥተው ወሰዱ። በአራተኛው ግን የአምስት ወር የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። የሕፃኑ ፊት ክብ ሆኖ አብጧል፤ የጉንጩ ቆዳ ሳስቶ ጥቃቅን የደም ሥሮቹ ይታያሉ። ለካስ ለእጃቸው የወሰዱትን ቅባት ለሕፃኑ ጉንጭና ሽንት ጨርቅ ለሚያርፍበት ቦታ ሁለት ወር ሙሉ ሲቀቡት ኖረዋል። ክፋት አስበው አይደለም፤ የሚወዱት ልጅ ሲያሳክከው ማየት አልቻሉም። ጥፋቱ ከመጠየቅ ዝም ያልኩት የኔ ነበር። ሕፃኑ ሆስፒታል ገብቶ፣ ሐኪሞች በጥንቃቄ ተከታትለውት አልሐምዱሊላህ ዳነ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ቅባት ለማንም ሰው አራት ጥያቄ ሳልጠይቅ አልሰጥም። ለምን? የት? ምን ያህል? እስከ መቼ? የዛሬው ትምህርታችን እነዚህን አራት ጥያቄዎች ራሳችሁን እንድትጠይቁ ለማስቻል የተዘጋጀ ነው።

ስቴሮይድ ምንድን ነው?

አላህ ሰውነታችንን ሲፈጥር ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን በላይ አድሬናል የሚባሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አስቀምጧል። እነዚህ እጢዎች ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ከዚህ ሆርሞን በርካታ ሥራዎች አንዱ የሰውነትን ቁጣ ማብረድ ነው። ቁጣ ስንል ቆዳ ሲያብጥ፣ ሲሞቅ፣ ሲያሳክክና ሲቀላ የምናየውን ማለታችን ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ቁጣ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ያለ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ መስሎ ይታያል። ስለዚህ «አልቀላም፣ ደህና ነው» ብሎ መተው አያስኬድም።

የእነዚህን እጢዎች ሆርሞኖች ያጠኑት ኬንዳል፣ ራይክሽታይንና ሄንች የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ሱልዝበርገርና ዊተን የተባሉ የቆዳ ሐኪሞች ሀይድሮኮርቲዞን በቆዳ ላይ ሲቀባ ሽፍታን እንደሚያስታግስ አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ ኬሚስቶች ጉልበቱን እየጨመሩ ብዙ ዓይነት ሠርተዋል። ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ የምናገኛቸው የዚያ ዘሮች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስቴሮይድ ቁጣን ያበርዳል እንጂ ቁጣውን ያስነሳውን ነገር አይገድልም። ተህዋሲን፣ ፈንገስንም ሆነ የእከክ ትልን አያጠፋም። እንዲያውም የአካባቢውን መከላከያ ስለሚያዳክም ለእነሱ መንገድ ይከፍታል። ብዙው ስህተት የሚመጣው ይህን ካለመለየት ነው።

1ኛ ጥያቄ፡ ለምን?

ስቴሮይድ ቅባት በተለይ የሚጠቅመው ለችፌ፣ ቆዳ አንድን ነገር ነክቶ ወይም ሳይስማማው ቀርቶ ለሚወጣ ሽፍታ፣ ሶሪያሲስ ለሚባለው የሚቀረፍ የቆዳ ሕመምና ለመሳሰሉት ነው። ሐኪም አይቶ «ችፌ ነው» ካላችሁ በፍርሃት መድኃኒቱን መተው ተገቢ አይደለም። ሌሊቱን ሲያክ የሚያድር ልጅ አይተኛም፣ አይማርም፤ ቆዳውም ቆስሎ ተህዋሲ ይገባበታል። ስለዚህ «ስቴሮይድ ነውና አልነካውም» ማለትም ከልክ በላይ እንደ መቀባት ጉዳት አለው።

የሚከተሉት ግን የስቴሮይድ ቦታዎች አይደሉም።

ጭርት፦ ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ ከፍ ያለና የሚቀረፍ፣ መሐሉ እየዳነ የሚመስል ሽፍታ ነው። ምንጩ ፈንገስ ነው። ስቴሮይድ ሲቀባ ማሳከኩ ስለሚቀንስ የዳነ ይመስላል፤ ቅባቱ ሲቆም ሰፍቶና መልኩን ቀይሮ ይመለሳል። ያኔ ሐኪሙም ለመለየት ይቸገራል። ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በሕንድ ስቴሮይድን ከፈንገስና ከተህዋሲ መድኃኒት ጋር የቀላቀሉ ቅባቶች እንደ ልብ ሲሸጡ ኖረው፣ ለመዳን የሚያስቸግር ጭርት በሰፊው ተሠራጨ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2018 በርካታ የስቴሮይድ ቅባቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ ደነገገ። በአንድ ቱቦ ሦስትና አራት መድኃኒት መኖሩ «ለሁሉም ይሆናል» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማር።

እከክ፦ በተለይ ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መሐል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብትና በወገብ ዙሪያ የሚወጣ፣ ከቤተሰብ አንዱን ይዞ ወደ ሌላው የሚሻገር ማሳከክ ከሆነ እከክን ጠርጥሩ። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቶ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ በአንድ ቤት የሚኖር ሁሉ ባያሳክከውም እንኳ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። ስቴሮይድ ምልክቱን ይሸፍንና ትሉ እንዲራባ ጊዜ ይሰጠዋል።

ስሜት የሌለው ምልክት፦ ቆዳ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ብሎ የሚታይ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። ይህ ዛሬ በመድኃኒት ፈጽሞ የሚድን በሽታ ነው፤ ከዘገየ ግን ነርቭ ይጎዳል። ቅባት አትሞክሩ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ዛሬ የቆዳ ሕመሞችን ሁሉ የሚያክም ትልቅ ሆስፒታል ሆኗል።

ከእነዚህ ሌላ ብጉር፣ መግል የያዘ ቁስል፣ ጉድፍ፣ ቁንጭርና ቋቁቻ ላይም ስቴሮይድ አይቀባም። ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ ጭርት ላይ ማሰርም ቆዳን እንደ እሳት ስለሚያቃጥል ይቅርባችሁ።

2ኛ ጥያቄ፡ የት? የቱስ ጉልበት?

ስቴሮይድ ቅባቶች ጉልበታቸው አንድ አይደለም። በአራት ደረጃ ይከፈላሉ።

ደካማ፦ ሀይድሮኮርቲዞን 1 ከመቶ።
መካከለኛ፦ ክሎቤታዞን ቡቲሬት 0.05 ከመቶ።
ጠንካራ፦ ቤታሜታዞን ቫለሬት 0.1 ከመቶ፣ ሞሜታዞን 0.1 ከመቶ።
እጅግ ጠንካራ፦ ክሎቤታዞል ፕሮፒዮኔት 0.05 ከመቶ።

አሁን ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ደካማው 1 ከመቶ ነው፤ እጅግ ጠንካራው 0.05 ከመቶ። ብዙ ደንበኞቼ «ትንሿን ቁጥር ስጪኝ፤ ለሕፃን ነው» ይሉኛል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ክሎቤታዞል በቁጥር ከሀይድሮኮርቲዞን 20 ጊዜ ያንሳል፤ በጉልበት ግን እስከ 600 እጥፍ ይበልጠዋል። ጉልበቱን የሚወስነው የመድኃኒቱ ዓይነት እንጂ ከመቶ የተጻፈው ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ስሙን አንብቡ። ክሎቤታዞንና ክሎቤታዞል በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡ። የእንግሊዝኛ ፊደል የሚያስቸግራችሁ እናቶች ተማሪ ልጃችሁን አስነብቡ፤ ወይም ቱቦዋን ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ቆዳችንም ቢሆን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። የውስጥ እግር ወፍራም ነው፤ የዓይን ቆብ ስስ ነው። ሀይድሮኮርቲዞን በክንድ ላይ ከሚሰርገው መጠን ጋር ሲነጻጸር በግንባር 6 እጥፍ፣ በመንጋጋ አካባቢ 13 እጥፍ፣ በወንድ ብልት ከረጢት ቆዳ ደግሞ 42 እጥፍ ያህል እንደሚሰርግ በምርመራ ታይቷል። በውስጥ እግር ግን ከክንዱ አንድ ሰባተኛ ብቻ ነው። ለሻከረ እጅ ወይም ለተረከዝ የታዘዘ ቅባት ለፊት የማይሆነው ለዚህ ነው።

በደንብ እናስተውል፦

ፊት፣ አንገት፣ ብብት፣ ጡት ሥር፣ ብሽሽትና ሐፍረተ ሥጋ አካባቢ ሐኪም ካላዘዘ ጠንካራ ቅባት አይነካም። በዓይን ቆብ ላይ ለረጅም ጊዜ መቀባት የዓይን ግፊትንና የዓይን ሞራን ሊያመጣ ይችላል።

ሕፃናት ቆዳቸው ስስ ከመሆኑም በላይ የቆዳቸው ስፋት ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ ይበልጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ ደማቸው በብዛት ይገባል። የሽንት ጨርቅ ወይም ዳይፐር ደግሞ እንደ ክዳን ያፍነውና የበለጠ ያሰርገዋል። የሕፃኑ የራሱ እጢዎች «ሆርሞን በቂ ነው» ብለው ሥራ ያቆማሉ፤ ፊቱ ያብጣል፣ ዕድገቱ ይገታል፤ ሕመም ሲያጋጥመው ለሕይወቱ ያሰጋል። በዚያ ሕፃን ላይ የደረሰው ይኸው ነበር።

ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር የተቀባውን ቦታ በላስቲክ ወይም በፋሻ አትሸፍኑ።

3ኛ ጥያቄ፡ ምን ያህል?

«በስሱ ቀቡ» የሚለው ምክር ለብዙ ሰው ግልጽ አይደለም። አንዱ ከልክ በላይ ይለቀልቃል፤ ሌላው ፈርቶ ሳይነካ ያህል ይቀባና «አልሠራልኝም» ይላል። ቀላል መስፈሪያ አለ፤ እሱም የራሳችሁ ጣት ነው። ከቱቦው አፍ በአመልካች ጣታችሁ ጫፍ ላይ፣ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የተዘረጋ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ነው። ይህን «አንድ ጣት» እንበለው። አንድ ጣት ቅባት ሁለት የአዋቂ መዳፍ፣ ከነጣቶቹ፣ የሚያክል ቦታን ይሸፍናል።

በዚህ ስሌት አንድ እጅ በውስጥም በውጭም 1 ጣት፣ አንድ ክንድ 3 ጣት፣ አንድ የእግር መዳፍ 2 ጣት ይበቃዋል። ለሕፃናት ሐኪሙ የወሰነውን ቅባት ስትለኩም በእናት ወይም በአባት ጣት ነው የምትለኩት፤ መጠኑ ግን በጣም ያነሰ ነው። ለምሳሌ ከ3 እስከ 6 ወር ላለ ሕፃን ሙሉ ክንድ ከነእጁ 1 ጣት ይበቃል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሁለት እጃችሁ ላይ ችፌ ወጥቶ ሐኪም በቀን አንድ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ቅባት አዘዘላችሁ። በቀን 2 ጣት ማለት 1 ግራም ነው። በ14 ቀን 14 ግራም። ባለ 15 ግራም አንድ ቱቦ ይበቃችኋል ማለት ነው። ቱቦዋ በአራት ቀን ካለቀች እየለቀለቃችሁ ነው። እጃችሁ እያሳከከ ሁለት ወር ከቆየች ደግሞ እየቆጠባችሁ ነው።

ስንት ጊዜ? ለአብዛኛው ሰው በቀን አንድ ጊዜ በቂ ነው፤ ሐኪም ካላዘዘ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ደጋግሞ መቀባት ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም። የሚቀባውም ቁጣ ባለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ «እንዳይመጣብኝ» ብሎ ደህናውን ቆዳ መቀባት አይገባም። ከተቀባችሁ በኋላ የታከመው እጃችሁ ካልሆነ እጃችሁን ታጠቡ።

4ኛ ጥያቄ፡ እስከ መቼ?

ይህ ከአራቱ ጥያቄዎች በብዛት የሚረሳው ነው። ቅባቱን ስትጀምሩ የሚያልቅበትን ቀን አብራችሁ ቁረጡ፤ በካርቶኑ ላይም በእስክሪብቶ ጻፉት። እንግዳ ሲመጣ ደስ ይላል፤ ሳይሰናበት ከቀረ ግን የቤቱ ጣጣ ይሆናል።

ሀይድሮኮርቲዞንን ያለ ሐኪም ከአንድ ሳምንት በላይ አትቀቡ። ጠንካሮቹን ሐኪም ባዘዘላችሁ ጊዜ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ክሎቤታዞል ለአዋቂም ቢሆን በተከታታይ ከሁለት ሳምንት፣ በሳምንትም ከ50 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይመከርም። ችፌው ቶሎ ቶሎ የሚመለስባችሁ ከሆነ ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እየተቀባችሁ እንድትቆጣጠሩት ሊያዝዝ ይችላል። ያን መወሰን ግን የሐኪም እንጂ የጎረቤት ሥራ አይደለም።

መቼ እናቁም? ማሳከኩ ሲጠፋና የሻከረው ቆዳ ሲለሰልስ ነው። እዚህ ላይ የእኛን ቆዳ የሚመለከት ትልቅ ነገር አለ። ቁጣው ከበረደ በኋላ ቦታው ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ይህ ጠባሳ አይደለም፤ በሽታውም አይደለም። ቀስ በቀስ በራሱ ይመለሳል። ብዙ እህቶች ይህን ጥቁረት አልዳነም ብለው ቅባቱን ሲቀጥሉ ነው ወደ ጉዳቱ የሚገቡት።

ከመጠን በላይ የተቀባ ቆዳ የሚያሳያቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ቆዳ ይሳሳል፤ በትንሽ ነገር ይበልዛል። የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ይታያሉ። በጭንና በብብት ላይ እንደ እርግዝና ሸንተረር ያለ መስመር ይወጣል፤ ይህ ከወጣ በኋላ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ፊት ላይ ብጉር የመሰለ ሽፍታ፣ በአፍ ዙሪያም ፍንጥርጥር ይወጣል፤ ፀጉርም ሊበቅል ይችላል።

ጠንካራ ቅባት ለወራት የተቀባ ሰው በድንገት ሲያቆም ቆዳው ሊቃጠል፣ ሊቀላ፣ ሊያብጥና ውሃ ሊያዥ ይችላል። ያኔ ሰው «ያለሱ መኖር አልቻልኩም» ብሎ ይመለስበታል፤ አዙሪቱም ይቀጥላል። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዚህ ጉዳይ ላይ ለሐኪሞችና ለታካሚዎች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ስትቀቡ የኖራችሁ በራሳችሁ ከማቋረጥ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ፤ ጉልበቱን እየቀነሰ ያስቆማችኋል። ለአንድና ለሁለት ሳምንት ብቻ የተቀባችሁ ግን ሲሻላችሁ ማቆም ትችላላችሁ፤ አትፍሩ።

ፊትን ለማቅላት የሚቀባው

በየሱቁና በየመንገዱ «ያቀላል፣ ማዲያት ያጠፋል» እየተባሉ ከሚሸጡ ቅባቶች ውስጥ ክሎቤታዞልና ቤታሜታዞን ያለባቸው አሉ። አንዳንዶቹም ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ይጠራል፤ ሙሽሪት ትደሰታለች። ከወራት በኋላ ፊቷ ፀሐይ አይችልም፣ ይቃጠላል፣ ብጉር ይወርሰዋል፤ ብታቆመው ይብሳል፣ ብትቀጥለውም ይብሳል። እህቴ ሆይ፣ የመልክሽ ቀለም በሽታ አይደለም፤ መድኃኒት አያሻውም። ማዲያት ካስጨነቀሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ከፀሐይ መከለልም የሕክምናው ዋና ክፍል ነው። የያዘውን ነገር ዝርዝር ያልጻፈ፣ አምራቹና የሚያበቃበት ቀን የማይታወቅ፣ ከሳጥን በማንኪያ እየተጨለፈ የሚሸጥ ቅባት ፊትሽን አይንካው። ባሎችና ወንድሞችም «ቀይ ነሽ፣ ጥቁር ነሽ» የሚለውን ቃል በቤታችን እናሳንስ፤ ብዙዋን ልጅ ወደዚህ ቅባት የገፋት እሱ ነውና።

ከቅባቱ በፊት፡ መንስኤውን ማራቅ

ወደ በርበሬ በረንዳ እንመለስ። በርበሬ የሚቀነጥሱ፣ የሚደልዙና የሚያበጥሩ እናቶችና እህቶች እጃቸው የሚቃጠለው በርበሬ ውስጥ ካፕሳይሲን የሚባል የሚያቃጥል ነገር ስላለ ነው። ይህ ነገር በውሃ አይሟሟም፤ በዘይት ግን ይሟሟል። በውሃ ብቻ ብትታጠቡ ማቃጠሉ የማይለቃችሁ ለዚህ ነው። መጀመሪያ እጃችሁን በምግብ ዘይት አሹ፤ ከዚያ በለስላሳ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ። በሥራ ጊዜ የፕላስቲክ ጓንት አድርጉ፤ ላብ እንዳያፍነው ከውስጡ ስስ የጥጥ ጓንት ቢኖር ይመረጣል። መንስኤው በየቀኑ እየነካችሁ ስቴሮይድ ብትቀቡ ውሃ በወንፊት እንደ መቅዳት ነው።

ሌላው ለበዓልና ለሠርግ የሚደረገው ጥቁር ሂና ነው። የተፈጥሮ ሂና ቡናማ ቀላ ያለ ቀለም ነው የሚሰጠው። ቶሎ እንዲይዝና እንዲጠቁር የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ግን በአንዳንድ ሰው ላይ ውሃ የሚቋጥር ከባድ ቁጣ ያስነሳል። ያን ጊዜ የተቆጣ ቆዳ ኬሚካሉን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ለልጆቻችሁ በተለይ ጥቁሩን አታድርጉላቸው።

የችፌ ዋናው ሕክምና ቆዳን አለማድረቅ መሆኑንም አትርሱ። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ርካሽና ጥሩ ነው። ገላ በሙቅ ሳይሆን ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፤ በፎጣ ሳትፈትጉ አድርቁና ቆዳው ገና ርጥበት እያለው ቫዝሊኑን ቀቡ። ከስቴሮይዱ ጋር በአንድ ጊዜ አትደርቡ፤ ሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት አራርቋቸው። ስቴሮይዱ ቀኑ ሲደርስ ይቆማል፤ ቫዝሊኑ ግን ይቀጥላል። ቫዝሊን የነካው ልብስና አንሶላ እሳት ቶሎ ስለሚይዘው ከከሰል ምድጃ አርቁ።

ውዱእና ጾም

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ለሚቀባ መድኃኒት ከኢሻ ሶላት በኋላ፣ ከመተኛት በፊት ቢሆን ምቹ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳይታጠብ ይሠራል፤ ለፈጅርም ታጥባችሁ ትነሳላችሁ። ከእያንዳንዱ ውዱእ በኋላ እጃችሁንና እግራችሁን፣ በተለይ የጣቶቻችሁን መሐል፣ ማድረቅ ከችፌም ከፈንገስም ይጠብቃችኋል። ወፍራም ቅባት ውሃ ከቆዳ እንዳይደርስ ይከለክል እንደሆነ የአካባቢያችሁን ኡስታዝ ጠይቁ፤ የኔ ሙያ መድኃኒቱ ላይ ነው። ጾምን በሚመለከት ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባካሄደው 10ኛ ጉባኤ በቆዳ የሚሰርጉ ቅባቶች ጾም እንደማያፈርሱ ወስኗል። ስለዚህ በረመዳን ሕክምናችሁን አታቋርጡ።

መቼ ወደ ሐኪም?

ሽፍታው መግል ወይም ውሃ ከያዘ፣ ትኩሳት ካለ፣ በዓይን አካባቢ ከሆነ፣ ታካሚው ሕፃን ከሆነ፣ በትክክል ተቀብታችሁ በአንድ ሳምንት ለውጥ ካልታየ፣ ወይም ቅባቱን ባቆማችሁ ቁጥር ብሶ ከተመለሰ በቤት አትቆዩ። ስትሄዱም ስትቀቡት የነበረውን ቱቦ ያለቀም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ። «ምንም አልተቀባሁም» ማለት ሐኪሙን ያሳስታል።

ለማጠቃለል፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ መሳቢያውን ክፈቱ። እዚያ ያለችውን ቱቦ አንሱና ስሟን አንብቡ። ለማን ነበር የታዘዘችው? ለየትኛው ሕመም? ለየትኛው ቦታ? ለስንት ቀን? መልስ ካጣችሁላት፣ ወይም ቀኗ ካለፈ፣ አትጠቀሙባት፤ ለጎረቤትም አታውሷት። የአንዱ እጅ መድኃኒት ለሌላው ልጅ ጉንጭ መርዝ ሊሆን እንደሚችል አይታችኋልና።

እናንተም መድኃኒት ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰልፉ ቢረዝምም አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኔ ያኔ ያልሰጠኋት ሁለት ደቂቃ ለአንድ ሕፃን የሆስፒታል አልጋ ሆናለች። አሁን ያቺ እናት ሲያገኙኝ «ልጄ፣ ዛሬስ አትጠይቂኝም?» ይሉኛል። እኔም እጠይቃቸዋለሁ።

አላህ ጤናችሁን ይጠብቅላችሁ። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።